ካርቶኑን አስረክቦ መሄድ

(ለአዲስ በጎ ፈቃደኞችና ለታሪክ መምህራን በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ከተቀዳው ድምፅ ላይ ብዙም ሳልነካካ ነው ያሰፈርኩት።)

እንደምን አደራችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እሺ ጥሩ። የቆማችሁ ልጆች እባካችሁ ግድግዳው ስር ወንበር አለ፣ ሳቡና ተቀመጡ፣ አጭር ነው ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

ከሁሉ በፊት መምህራኖቻችንን ላመስግን። ቅዳሜ ጠዋት ለአስተማሪ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ እኔም ዘጠኝ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ፣ የሳምንቱ ወረቀት የሚታረመው በዚችው ቀን ነው። ያንን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። አዲስ የተመዘገባችሁ ወጣቶች ደግሞ እንኳን ደህና መጣችሁ። ስማችሁን ገና አልያዝኩም፣ እይዛለሁ።

የተጠየቅኩት በትምህርት ቤቶች የታሪክ ትምህርትን በሚደግፍ ድርጅት ውስጥ መስራት ምን እንደሚመስል እንድነግራችሁ ነው። ሶስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ ስለ ካርቶን፣ ሁለተኛ ስለ አንድ ገጽ ወረቀት፣ ሶስተኛ ስለሚያም ታሪክ። ሁለተኛው ላይ እንደምቆይ ከወዲሁ እወቁት፣ የስራችን ልቡ እሱ ስለሆነ ነው።

በካርቶኑ ልጀምር።

ማስተማሩን ትቼ ወደዚህ ስራ በገባሁበት ዓመት የመጀመሪያው ትልቅ ስራዬ መጽሐፍ ማሰባሰብ ነበር። በየቢሮው በየሰው ቤት እየዞርን፣ ስንለምን ስንጭን ከርመን 17 ካርቶን ሞላን። ለአንድ ትምህርት ቤት አስረከብን፣ ርዕሰ መምህሩ ንግግር አደረጉ፣ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሳን፣ እኔም በዛው ማታ ቁጭ ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። "17 ካርቶን የታሪክ መጽሐፍ ለተማሪዎች ተደራሽ ሆኗል" ይላል። ተደራሽ! ያቺን ቃል ያዙልኝ።

በዓመቱ ለሌላ ጉዳይ እዛው ትምህርት ቤት ስሄድ እስኪ መጽሐፎቹን ልያቸው አልኩ። ንብረት ክፍል ወሰዱኝ። 17ቱም ካርቶን እንደተደረደሩ አሉ። ፕላስተሩ አልተቆረጠም። በራሴ እጅ በማርከር "ታሪክ፣ በጥንቃቄ ይያዝ" ብዬ የጻፍኩበት ካርቶን ከታች ነው ያለው፣ ሌሎቹ ተጭነውት ጎኑ ጎብጧል። እዛ በር ላይ ቆሜ የተሰማኝን ነገር እስካሁን አልረሳውም።

ማንን ልቆጣ? የንብረት ክፍሉን ሰውዬ? እሳቸው ምን አሉኝ፣ "ልጄ፣ እኔ በፊርማዬ ነው የተረከብኩት፣ አንድ ቢጎድል የሚቆረጠው ከኔ ደሞዝ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የታሪክ መምህሯን ልቆጣ? ወጣት መምህርት ናት፣ እረፍት ሰዓት ላይ አገኘኋት፣ "መጽሐፍ መጣ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ግን ምን ምን እንዳለበት የነገረኝ የለም፣ ደግሞስ ክፍለ ጊዜዬ 40 ደቂቃ ነው፣ ስም ጠርቼ ሰሌዳ አጥፍቼ 30 ቢቀረኝ ነው፣ ተማሪዎቼ 62 ናቸው፣ አንድ አንድ ኮፒ ብቻ ያለውን መጽሐፍ ለማን ሰጥቼ ለማን ልከልክል?" አለችኝ።

እና ታዲያ ምን ቢመጣልሽ ይሻልሽ ነበር? አልኳት።

አላሰበችም እንኳን። "ፎቶኮፒ" አለችኝ።

ሰማችሁ? ፎቶኮፒ! እኛ ዓመት ሙሉ ስንለፋ ማንም ሄዶ ያልጠየቃት ጥያቄ ነበር እኮ፣ መልሱ አንዲት ቃል ነበረች። መጽሐፍ መስጠት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ እኔ ራሴ በተዋስኩት መጽሐፍ ያደግኩ ሰው ነኝ። ግን መጽሐፍ ሲገባ ማን ይከፍተዋል፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው፣ ከጠፋ ማን ይጠየቃል፣ በየትኛው ምዕራፍ ላይ ይጠቅማል የሚለው አብሮ ካልታሰበ ያስረከብነው ለንብረት ክፍል ነው እንጂ ለተማሪ አይደለም። ከዛን ጊዜ ወዲህ አንድ ህግ አወጣን። ምንም ነገር ወደ ትምህርት ቤት ከመውሰዳችን በፊት አንድ ሳምንት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን ክፍሉን እናያለን፣ የመምህሩን ዓመታዊ ዕቅድ እናያለን፣ የት ምዕራፍ ላይ እንደደረሰ እናውቃለን። አዲሶቹ፣ የመጀመሪያ ስራችሁ ይሄ ነው የሚሆነው፣ አፍ ዘግቶ መቀመጥ። ይከብዳል። በተለይ ታሪክ ለሚወድ ሰው በጣም ይከብዳል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ፣ ስልጠናም ካርቶን ሊሆን ይችላል። ሁለት ቀን አዳራሽ ውስጥ ሰብስበህ፣ ሞጁል አድለህ፣ ሰርተፍኬት ሰጥተህ ከሄድክ ያው ነው። መምህሩ ሰኞ ክፍል ሲገባ ሞጁሉ ቦርሳው ውስጥ ነው፣ ከፊቱ 62 ልጅ አለ። ለዛ ነው አሁን ስልጠና ከሰጠን በኋላ በሶስተኛው ሳምንት ተመልሰን የምንሄደው፣ ከዛም በስድስተኛው። መምህሩ "ሞከርኩት አልሰራም" የሚለንን መስማት አለብን።

እሺ። ወደ አንዷ ገጽ።

ከዛች መምህርት ጋር ቁጭ ብለን የመጀመሪያዋን ገጽ መረጥን። ጥንታዊ ግብፅ ላይ ነበረች። የግብፅ ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ ታውቁታላችሁ፣ አባይ፣ ፈርኦን፣ ፒራሚድ፣ ሂሮግሊፍ፣ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ይገለበጣል፣ ይሸመደዳል። እኔም ዘጠኝ ዓመት እንደዛ ነው ያስተማርኩት፣ ይቆጨኛል።

የመረጥነው ነገር አሁን ብሪቲሽ ሙዚየም ያለ የኖራ ድንጋይ ነው። ዴር ኤል መዲና ከምትባል መንደር የተገኘ ነው፣ የነገስታት ሸለቆ ውስጥ ያሉትን መቃብሮች የሚፈለፍሉትና የሚስሉት ሰራተኞች የሚኖሩባት መንደር ናት። ዘመኑ ዳግማዊ ራምሴስ በነገሰ በ40ኛው ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1250 ገደማ። ድንጋዩ ላይ 40 የሚሆኑ ስሞች አሉ፣ ከየስሙ ፊት ለፊት ቀን በጥቁር ቀለም፣ ከቀኑ በላይ ደግሞ ምክንያት በቀይ ቀለም።

ይሄን ግን ለተማሪዎቹ አልነገርናቸውም! ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። የጥቂቱን መስመር ትርጉም ከድንጋዩ ፎቶ ጋር አንድ ገጽ ላይ አድርገን፣ ርዕስ የለ፣ ማብራሪያ የለ፣ አንድ ወረቀት ለአራት ልጅ ሰጠን። "ይሄ ምንድነው?" ብቻ አለች መምህርቷ። እኔ ኋላ ወንበር ነኝ።

መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዛ መንሾካሾክ። ከዛ ከኋላ፣ ከኔ ፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ፣ ሲያረፍድ በሩ ላይ የሚቆም አይነት ልጅ፣ ወረቀቱን ወደራሱ ሳበና "ቲቸር፣ ይሄ እኮ ስም መጥሪያ ነው!" አለ።

ክፍሉ ፈነዳ። ስም መጥሪያ ነዋ! ማን ቀረ፣ መቼ ቀረ፣ ለምን ቀረ። አንዱ ጊንጥ ነድፎት፣ አንዱ አይኑን ታሞ፣ አንዱ እናቱ ታማበት፣ አንዱ ወንድሙን ሲገንዝ፣ አንዱ ቢራ ሲጠምቅ። ልጆቹ እየተቀባበሉ ማንበብ ጀመሩ። ከሶስት ሺህ ዓመት በላይ የቆየ ሰው እንደነሱ ታሞ ሲቀር አገኙት እኮ! ፒራሚድ ያላመጣውን ነገር አንድ የቀሪ መዝገብ አመጣው።

ትልቁ ነገር ግን የመጣው ከሳቁ በኋላ ነው። አንዷ ልጅ እጇን አወጣችና "ምክንያቱን ለምን በቀይ ጻፉት?" አለች። ሌላዋ ቀጠለች፣ "ማነው የጻፈው? አለቃቸው ነው ወይስ ከነሱ አንዱ?" ያ የኋላው ልጅ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ፣ "ጊንጥ ነደፈኝ ብሎ ቢዋሽስ?" አለ።

መምህርቷ ወደኔ አየች። እኔ ምንም አላልኩም። እሷም አልመለሰችም፣ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። "ቢዋሽስ?" በቾክ፣ በትልቁ። የቀረው ክፍለ ጊዜ በሙሉ በዛች ጥያቄ ላይ አለቀ፣ መዝገብ የሚይዝ ሰው ምን ያውቃል ምን አያውቅም፣ ሌላ ማስረጃ ከየት ይገኛል፣ ጊንጡን ያየ ሌላ ሰው አለ ወይ። ማንም ሳያስተምራቸው የታሪክ ባለሙያ የሚሰራውን ስራ እየሰሩ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር አንድም ተማሪ ቢዋሽስ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ለምን መሰላችሁ? እንዲጠይቅ የሚያደርግ ነገር እጁ ላይ ሰጥቼው ስለማላውቅ ነው።

ከዛ በኋላ ልጆቹ በደንብ የሚያውቁት የሚመስላቸውን ታሪክ መረጥን። የውጫሌ ውል። 1881 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1889። አንቀጽ 17 የአማርኛውና የጣልያንኛው ይለያያል፣ ይሄን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፣ ፈተና ላይም ይመጣል። የአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግስታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ "ይቻላቸዋል" ይላል፣ የጣልያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል፣ በዛች ቃል ተንተርሳ ኢጣልያ አገሪቱ በኔ ጥበቃ ስር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግስታት አሳወቀች። ምኒልክ በ1893 እ.ኤ.አ. ውሉን ሻሩ፣ በ1896 አድዋ ሆነ። ይሄን በቃል ማወቅ አንድ ነገር ነው። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን በሁለት ረድፍ አድርገህ፣ የጣልያንኛውን ተርጉመህ፣ "ልዩነቱን አስምሩበት" ስትል ግን ሌላ ነው። ልጆቹ እርሳስ ይዘው "ይቻላቸዋል" ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። አንዲት ልጅ "ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ቦታው ላይ አልነበረም እንዴ?" አለች። ነበረ! አስተርጓሚ ነበረ፣ የጣልያኑ ተደራዳሪ አንቶኔሊም ሸዋ ለዓመታት የኖረ ሰው ነው። ታዲያ? ታዲያማ ትምህርቱ አሁን ነው የሚጀምረው።

ገጹ እንዴት ይዘጋጃል ለምትሉ ቶሎ ቶሎ ልበል። ጽሁፉ አጭር ይሁን፣ ከግማሽ ገጽ አይለፍ። ከባድ ቃል ካለ ከግርጌ ይፈታ እንጂ ከጽሁፉ አይውጣ፣ እናቅልለው ብለን ስንቆራርጥ ጸሐፊው ያላለውን እንዳለ አድርገን እንዳናቀርብ። ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ምን ፈልጎ ጻፈው፣ ማንን ሳይጠቅስ ቀረ፣ እነዚህ አራት ጥያቄዎች ሁልጊዜ ይኑሩ። ፎቶኮፒው ደብዛዛ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ ድገሙት፣ የማይነበብ ወረቀት ለልጅ መስጠት ንቀት ነው።

አንዳንዱ ሰው አሁን ኢንተርኔት አለ፣ ልጁ ስልኩ ላይ ሁሉንም ያገኛል ይለኛል። ያገኛል። ግን ምኑን? መግለጫው የተቀየረ የድሮ ፎቶ አይደል ቀኑን ሙሉ የሚዞረው? አሜሪካ ውስጥ ሳም ዋይንበርግ የሚባል የስታንፎርድ ፕሮፌሰር ከባልደረባው ጋር ያደረገው አንድ ጥናት አለ፣ 10 የታሪክ ዶክተሮች፣ 10 መረጃ አጣሪ ባለሙያዎች፣ 25 የስታንፎርድ ተማሪዎች ድረገጽ እያዩ ይታመናል አይታመንም እንዲሉ ጠየቋቸው። የታሪክ ዶክተሮቹ ራሳቸው በሚያምር ሎጎ ተታለሉ! አጣሪዎቹ ግን ገጹን ከላይ እስከታች አላነበቡም፣ ወዲያው ሌላ ታብ ከፍተው ስለዚህ ድርጅት ሌሎች ምን ይላሉ ብለው ፈለጉ። እና ይሄ ምን ይነግረናል፣ ዶክተር መሆን እንኳን ብቻውን አያድንም፣ ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ በአንድ ክፍለ ጊዜ አይመጣም። የጊንጡ ልጅ ያቺን ጥያቄ ስልኩ ላይም እንዲጠይቅ ነው የምንፈልገው፣ ቢዋሽስ?

ሶስተኛው። የሚያም ታሪክ።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋት ልንገራችሁ፣ የኛው ጥፋት ነው። ስለ አትላንቲክ የባሪያ ንግድ በሚሰጥ ትምህርት ላይ አንድ በጎ ፈቃደኛችን፣ ልቡ ንጹህ የሆነ ልጅ፣ ተማሪዎቹ ስሜቱ እንዲገባቸው ብሎ ወለሉ ላይ ተጠጋግተው እንዲተኙ አደረጋቸው፣ መርከብ ውስጥ እንዳሉ። እኔ ነኝ ዕቅዱን አይቼ እሺ ያልኩት። ግማሾቹ ይስቃሉ፣ ይገፋፋሉ። አንዲት ልጅ ግን ተነስታ ግድግዳው ጥግ ሄዳ ፊቷን አዞረች፣ እስከ መጨረሻው አልዞረችም። ቤታቸው ምን እንዳለ፣ ምን እንዳስታወሳት አላውቅም፣ ለማወቅም መብት አልነበረኝም። ያቺን ጀርባ ግን አየኋት።

ስቃይን በጨዋታ አናስመስልም። በጭራሽ! ይሄ የኛ ብቻ ሀሳብ አይደለም፣ ዋሽንግተን ያለው የሆሎኮስት (ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የፈጸሙት ጭፍጨፋ) መታሰቢያ ሙዚየምም ለመምህራን ባወጣው መመሪያ እንዲህ አይነት ማስመሰል እንዳይደረግ ይመክራል። የሚስቀውም ልጅ የሚያለቅሰውም ልጅ ያ ነገር ምን እንደነበረ አያውቅም፣ ያወቀ እየመሰለው ግን ይሄዳል።

አሁን በሱ ፈንታ የምንጠቀመው ብሩክስ የምትባለዋን የባሪያ መርከብ ስዕል ነው፣ በ1788 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የታተመች። ሰዎች እንደ እቃ ተደርድረው የሚታዩባት ስዕል ናት፣ አይታችኋት ይሆናል። በዛው ዓመት በወጣ ህግ መርከቧ እንድትጭን የተፈቀደላት 454 ሰው ነበር፣ ከዛ በፊት ግን ከ600 በላይ ጭና ታውቃለች። ልጆቹ ስዕሏን ያያሉ፣ ዝም ብለው ያያሉ፣ አንቸኩልም። ከዛ ያቺው ጥያቄ ትመጣለች፣ ማን ሳላት? ንግዱ እንዲቆም የሚታገሉ ሰዎች ናቸው ያሳተሟት፣ ፓርላማውንና ህዝቡን ለማሳመን። ታዲያ እውነት አይደለችም ማለት ነው? አይደለም፣ ቁጥሩ አለ፣ ህጉ አለ። ግን ስዕሏ ላይ ያሉት ሰዎች ስም አላቸው? ፊት አላቸው? አንድ ተማሪ "የሚያዝኑላቸው ሰዎችም ሁሉንም አንድ አይነት አድርገው ነው የሳሏቸው" ብሎ ጽፎልኛል። ያንን ወረቀት አስቀምጬዋለሁ። ወለል ላይ ቢተኛ ኖሮ ይሄን ይጽፍ ነበር?

መምህራን ደግሞ ሌላ ፍርሃት አለባችሁ፣ አውቃለሁ። አንዱ ክፍል ውስጥ የሁለት ወገን ልጆች አሉ፣ እያንዳንዱ ከቤቱ ሌላ ታሪክ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ነገ ወላጅ መጥቶ በር ያንኳኳል። "ይቅርብኝ፣ ልዝለለው" ትላላችሁ። እኔም ዘልያለሁ። ብቻ ሰዎች ከዚህ የባሰውን ሞክረው እንዳዩት እወቁልኝ። ፈረንሳይና ጀርመን በ70 ዓመት ውስጥ ሶስት ጊዜ የተዋጉ አገሮች ናቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. የሁለቱ አገር ወጣቶች በርሊን ተሰብስበው አንድ የጋራ የታሪክ መማሪያ ይኑረን ብለው ጠየቁ፣ ልብ በሉ የጠየቁት ወጣቶቹ ናቸው፣ በ2006 የመጀመሪያው ቅጽ ወጣ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ ይዘቱ አንድ። ሁሉም ትምህርት ቤት ተጠቀመበት ማለት አይደለም፣ ግን ተጻፈ፣ ባልተስማሙበት ቦታም አለመስማማታቸውን ጻፉት። ለኛ መምህር ይሄ ይበቃዋል፣ ሁለት ምንጭ ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ የማንን እንደሚያምን ሳይሆን ምን ላይ እንደሚለያዩ ማሳየት።

የኛ የድርጅቱ ሰዎች ድርሻ ደግሞ መምህሩን ብቻውን አለመተው ነው። ከባዱ ትምህርት ከመሰጠቱ በፊት ከርዕሰ መምህሩ ጋር እንነጋገራለን፣ ገጹን እናሳያለን፣ ለወላጅ አጭር ደብዳቤ እናዘጋጃለን፣ በዕለቱ ኋላ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ወላጅ ሲመጣ መምህሯ ብቻዋን ቢሮ ውስጥ ቆማ እንድትመልስ አናደርግም። ይሄን ማድረግ ካልቻልን ገጹን መስጠት የለብንም።

ስለ ሪፖርት ጠይቃችሁኝ ነበር፣ ባጭሩ። ዶነሮች ቁጥር ይፈልጋሉ፣ መብታቸው ነው፣ ገንዘቡ የነሱ ነው። ስንት ካርቶን የሚለውን ትተናል። አሁን የምንቆጥረው መምህሩ ያለኛ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ለሁለተኛ ጊዜ የራሱን ገጽ አዘጋጅቶ የተጠቀመበትን ነው። ትንሽ ቁጥር ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ለዶነር ስናስረዳም ላብ ያስወጣል። ግን የምፈርምበት ቁጥር እሱ ነው። 17 ካርቶኖቹስ ላላችሁኝ፣ ከመምህርቷና ከንብረት ክፍሉ ሰውዬ ጋር ሆነን ከፈትናቸው፣ የውሰት ደብተር በመምህርቷ ስም ተከፈተ፣ ኃላፊነቱን ርዕሰ መምህሩ ፈርመው ከንብረት ክፍሉ ሰውዬ ላይ አነሱላቸው። መጀመሪያ የተዋሰው የጊንጡ ልጅ ነው።

በሉ አሁን እረፍት ልንወጣ ነው። ስትወጡ በር ላይ ያለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አለ። ርዕስ የለውም፣ ዓመት የለውም፣ አንድ ሰው ስለ መዳብ ለሌላ ሰው የላከው ነው፣ በጣም ተናዶ። ስልካችሁን አትክፈቱ እባካችሁ። ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደተናደደ፣ ሁለተኛው ሰውዬ ቢጠየቅ ምን ይል እንደነበር ተነጋገሩበትና ስትመለሱ ጥያቄያችሁን ሰሌዳው ላይ ትጽፋላችሁ። መምህራንና አዲሶቹ ተቀላቀሉ፣ መምህር ከመምህር፣ አዲስ ከአዲስ ጋር ብቻ አትቀመጡ። አንድ ወረቀት ለአራት ነው።